ከየት ወደ የት

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሌይፓኮአ ኮምፒውተሯን ከፍታ ትዕዛዝ ከሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ፊት ተቀመጠችና ወደ ላይ የምታመለክተዋን ቀስት አንድ ጊዜ ተጫነች። ለስድስት ዓመት በየጠዋቱ የምታደርገው ነገር ነው። ቀስቷ ስትነካ ኮምፒውተሩ ባለፈው የተጻፈውን ትዕዛዝ መልሶ ያመጣል፤ እንደገና መጻፍ የለም። ያቺ ረጅም መስመር ብቅ አለች። ሌይፓኮአ አላነበበቻትም። የገዛ ስሙን ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ማን አለ? ኢንተሯን መታችና የሻይ ኩባያዋን አነሣች።

ቢሮው በደሴቶቹ አገር ዋና ከተማ በፖርት ቪላ ውስጥ፣ ከባሕር ዳሩ ገበያ ጀርባ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሰዉ «የድምፅ ቤት» ይለዋል። ከየደሴቱ የመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ድሮ በካሴት የተቀዱት ዘፈን፣ ተረት፣ የትውልድ ቆጠራ፣ የእርሻ ወግ እዚያ ይቀመጣል። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ቅጂ። ሌይፓኮአ እያንዳንዱን ካሴት ሻጋታውን በጥጥ ጠርጋ፣ የተበጠሰውን ቀጥላ፣ ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው ራሷ ናት። ካሴቶቹ ዛሬ የሉም፤ ያ ትልቁ አውሎ ነፋስ የቢሮውን ጣራ ሲወስድ አብረው ሄደዋል። በዚያን ጊዜ «እንኳን ቀደምኩት» ብላ ነበር።

ቅጂው በሁለት ቦታ ነበር፤ እዚህ ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ዲስክና ሜልቦርን ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ። ሁለቱን የምታስተካክለው ያቺ መስመር ናት። ትዕዛዟ እዚህና እዚያ ያለውን ታወዳድራለች፣ አዲስ የተጨመረውን ብቻ ትልካለች፣ ኢንተርኔቱ መሀል ላይ ቢቋረጥ ካቆመችበት ትቀጥላለች። በዚህ አገር ኢንተርኔት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሌይፓኮአ በገዛ እጇ አንዲት ቃል ጨምራባት ነበር፤ እዚህ የተሰረዘ እዚያም ይሰረዝ የምትል። ምክንያት ነበራት። አንዳንድ ቤተሰብ «የአባታችንን ድምፅ አጥፉልን፣ ሐዘናችን አላበቃም» እያለ ይመጣል። እሺ ካሉ እሺ ነው፤ ከዚህ አጥፍቶ ሜልቦርን ማስቀረት ማታለል ነው።

የዚያ ሳምንት ሰኞ ትንሽ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበረች፤ ሰው ከወንበሩ እንኳ ያልተነሣላት። ዲስኩን ግን ከጠረጴዛው ጣለችው። ጠጋኙ ፈትቶ የውስጡን ሳህን አሳያት፤ በምስማር የተቧጨረ መስታወት ይመስል ነበር። ሌይፓኮአ ቅር አላላትም፤ ሜልቦርን ሁሉም አለ። አዲስ ዲስክ ገዛች፤ ትዕዛዟ ሳትቀየር እንድትሠራ የአሮጌውን ስም ሰጠችው። የዛሬው ሥራ እንግዲህ ሁሉንም ከሜልቦርን መልሶ ማምጣት ነበር። በትዕዛዟ ውስጥ «ከየት» ፊት ይጻፋል፣ «ወደ የት» ኋላ። ዛሬ ሁለቱ ቦታ መለዋወጥ ነበረባቸው። ትናንት ማታ አልጋዋ ላይ ሆና እንኳ አስባው ነበር። እጇ ግን ቀደማት።

ሻይዋን ሳትጎነጭ ጥቁሩ መስኮት በነጭ ጽሑፍ ተሞላ። መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ ይሮጣሉ። እየመጣልኝ ነው ብላ አሰበች። ከዚያ የያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያ ቃል ታያት። *በመሰረዝ ላይ*። *በመሰረዝ ላይ*። *በመሰረዝ ላይ*። ከቃሉ አጠገብ የምታውቃቸው ስሞች ያልፋሉ፤ የቶንጎአ ዘፈኖች፣ የኤፒ ተረቶች፣ የማኩራ አዛውንት።

ኩባያውን የት እንደጣለችው አላወቀችም። ማስቆሚያዎቹን ኮንትሮልንና ሲን ባንድ ላይ ረግጣ ያዘች፤ ጽሑፉ ቆሞም ጣቷን አላነሣችም። ሻዩ ኪቦርዱ ሥር እየሰረገ ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ትኩስ መሆኑ አልተሰማትም።

ባዶውን አዲስ ዲስክ «ይህ ነው ትክክለኛው» ብላ ለሜልቦርን ልካለች። ሜልቦርንም እንደታዘዘው ባዶ ሆኗል።

የሰርቨሩን ጠባቂ ብሮንዊንን በስልክ ስታገኛት የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖባት ነበር።

«ብሮንዊን፣ ፎልደራችንን ክፈቺው። አሁን። አሁኑኑ።»

«ደህና አደርሽ ማለትም ቀረ?» ሳቀች ብሮንዊን። ኪቦርድ ሲንኳኳ ተሰማ። ከዚያ መንኳኳቱ ቆመ። «ሌይፓኮአ… ሃያ ሦስት ፋይል ነው የማየው።»

«መጠባበቂያ አላችሁ። አላችሁ አይደል? ዩኒቨርሲቲ አይደላችሁ እንዴ!»

«የሌላው ሰው ሁሉ በየማታው ይገለበጣል። የናንተ ግን…» አለች ብሮንዊን። «ደብዳቤውን ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ራሷ ጽፋ ራሷ ፈርማበታለች፦ *ቤተሰብ አጥፉ ያለው የእውነት ይጥፋ፤ በየትኛውም ጓዳ የተደበቀ ቅጂ አይቅር*። እንዲያውም ብሮንዊን ያኔ «እርግጠኛ ነሽ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃት ነበር።

«ሌላ መንገድ ካለ ልሞክር» አለች ብሮንዊን። «ግን ተስፋ አልሰጥሽም። ውሸት ይሆንብኛል።»

የሥራ ባልደረባዋ ካሎሪብ ጋቶ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ በወረቀት ይዞ እያፏጨ ገባ። አርባ ዓመት አልፎታል፤ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ፊቷን ሲያይ ፉጨቱ አፉ ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቀሰረች። ቆሞ አነበበ። የላይኛውን መስመር ደግሞ አነበበ። «ስንት ቀረ?»

«ሃያ ሦስት።»

ካሎሪብ ወንበር እያለ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጋቶው ከእጁ ተንከባለለ። «እትዬ…» አለና አፉን ከፍቶ ቆየ።

«ምን?»

«ምንም።»

በዚያ ላይ አለቃ ታሪፖአ ቅዳሜ በመርከብ ይመጣሉ። የሟች ወንድማቸውን መዝሙር ሊወስዱ ነው፤ በጎሣቸው አዲስ አለቃ የሚሾመው በዚያ መዝሙር ነው፣ ሁሉንም አንጓ የሚያውቀውም ወንድማቸው ብቻ ነበር። ካሴቱን ሲያስረክቧት ከጎሣው ውጭ ማንም እንዳይሰማው ሌይፓኮአን አስምለዋታል። አሁን ምን ልትላቸው ነው? ቦርሳዋን ሳትይዝ ወጣች፤ ወደ ቤቷ የሚሄድ ሚኒባስ ቆሞ አገኘችና ገባች።

ሹፌሩ ሙዚቃ ከፍቷል። መጀመሪያ አልሰማችውም። ሁለት ሴቶች ስለ ሙዝ ዋጋ ይከራከራሉ፣ አንድ ሰውዬ መስኮቱ አልዘጋ ብሎታል። ከዚያ በዚያ ሁሉ መሀል አንድ ሽማግሌ ሳለ። አጭር፣ ደረቅ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው አንጓ መካከል።

ሌይፓኮአ ክው አለች። ያን ሳል ታውቀዋለች። ያን ካሴት ለማጽዳት ዘጠኝ ቀን ፈጅታለች፤ ሳሉን ልቁረጠው ወይስ ልተወው ብላ አንድ ሙሉ ቀን አስባለች። የታሪፖአ ወንድም ነው። የሞተው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እሷ የገደለችው።

«አንተ ልጅ! ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«የቱን እናቴ?»

«ይሄን! አሁን የሚዘፍነውን!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው እንዳንገጭ። ካልተመቸሽ ልቀይረው?»

«እንዳትነካው!» ብላ ስትጮህ በሚኒባሱ ያለው ሰው በሙሉ ዞረ። «ባሏን አስታወሳት መሰለኝ» አለች አንዷ የሙዝ ሴት፤ ሰዉ ሳቀ።

ሹፌሩ ግን በመስታወት አይቷት አልሳቀም። «ከገበያ ነው» አለ። «ማማ ሮሊን የምትባል የሚሞሪ ካርድ ነጋዴ አለች። ያልገዛ ሹፌር የለም እኮ። ወንድሜ ባሕር ማዶ ኩዊንስላንድ ማንጎ ሲለቅም ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ነው የሚሰማው።»

ሌይፓኮአ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። አልጠፋም! ወዲያው ግን ደስታዋ ቀዘቀዘ። አልጠፋም ማለት ወጥቷል ማለት ነው። የተማለበት መዝሙር፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ በሙዝ ዋጋ መሀል። ከሷና ከካሎሪብ በቀር ዲስኩን የነካ ሰው የለም።

ቅጂውን ከሹፌሩ ተቀብላ ወደ ገበያ ተመለሰች። ማማ ሮሊን ስታያት ከመደቧ ተነሥታ አቀፈቻት። «እሰይ! በስተመጨረሻ ራስሽ መጣሽ! ስንት ጊዜ አመስግንልኝ ብዬ ልኬልሻለሁ!»

«በማን ነው የላክሽው?»

«በካሎሪብ ነዋ! ያንቺው ካሎሪብ። አንቺ እየላክሽው አይደል እንዴ የሚያመጣልኝ?» የሌይፓኮአን ፊት አየችና እቅፏን ላላ አደረገች። «አይደለም?»

«እሱስ ምን ይልሽ ነበር?»

«‹እሺ፣ እነግራታለሁ› ይለኝ ነበር።» ማማ ሮሊን አፏን በእጇ ያዘች። «ወይ ጉድ! ወይ ጉዴ!»

ካሎሪብን ትታው በሄደችበት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። በሩን ዘጋች። 

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች በሹክሹክታ።

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። «አምስት ዓመት ይሆናል። አንዲት ሴት ነበረች፣ ከኤማኤ ደሴት። የባሏን ድምፅ አሰሙኝ፣ በስልኬ ጫኑልኝ አለች። አንቺ ‹እዚህ መጥታ ትስማ፣ ቅጂ አይወጣም› አልሽ። በየወሩ በጀልባ እየመጣች ያቺ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። አንድ ቀን አሳዘነችኝና በፍላሽ ሰጠኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዘመዷ መጣ። የዘመዷ ዘመድ መጣ። እምቢ የምልበት ነገር ጠፋኝ። ለማማ ሮሊን የሰጠሁት… እሱ ለገንዘብ ነው፣ ስግብግብነት ነው፤ አልዋሽሽም።»

«የታሪፖአን መዝሙር ሰጠህ። የተማልኩበትን!»

«የትኛው የተማለበት እንደሆነ ልብ አላልኩም፣ እትዬ። ፎልደሩን በጅምላ ነው የገለበጥኩት።»

ልትመታው እጇን አነሣች። እጇ አየር ላይ ሳለ ጠዋት ቀስቷን የነካው ይኸው እጅ መሆኑ ታወሳት፤ እሷም በጅምላ ነበር። እጇን መለሰች። «ጋቶውን ከመሬት አንሣ» አለችው።

ቅዳሜ አለቃ ታሪፖአ ከሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር መጡ። ያቺን ወንበር ሰጠቻቸው። እሷ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መጀመሪያ መሰረዙን፣ ቀጥሎ መውጣቱን። ካሎሪብ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነበር።

ሽማግሌው ወደሷ ዘንበል አሉ። «እስኪ ድገሚልኝ ልጄ። ጠፋ ነው ያልሽኝ ወይስ ሰው ሁሉ ሰማው?»

«ሁለቱም ነው፣ አለቃ።»

«እንዴት አንድ ነገር ይጠፋልም ይበተናልም?»

ከሹፌሩ የወሰደችውን ቅጂ ከፈተችላቸው። የወንድማቸው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። አለቃ ታሪፖአ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሰሙ፤ ሳሉ ጋ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጆቻቸው ወለሉን ያያሉ።

ሲያልቅ «ይህ ሚኒባስ ውስጥ?» አሉ።

«ሚኒባስ ውስጥ፣ አለቃ።»

ተነሥተው ወጡ። ደህና ሁኚም አላሉ። ሌይፓኮአ እሑድን ሙሉ ከቤቷ ሳትወጣ ዋለች፤ ቤተ ክርስቲያንም አልሄደች።

ሰኞ ጠዋት ተመልሰው መጥተው ፍርዳቸውን ተናገሩ። ካሎሪብ ክራንቻው የተጠማዘዘ አንድ አሳማና አሥር ምንጣፍ ለጎሣው ያመጣል። የቤቱ ኃላፊ ናትና ሌይፓኮአም አምስት ምንጣፍ ታመጣለች። «አሳማ ያልጨመርኩብሽ» አሉ፣ «ከሌላ ሰው ከመስማቴ በፊት በገዛ አፍሽ ስለነገርሽኝ ነው። አሁን ሬዲዮ ጣቢያ ውሰጂኝ።»

ጣቢያው ውስጥ ማይኩን ገፋ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «የወንድሜ መዝሙር በስልካችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ ስሙት አላልኩም። አልፈቀድኩም። የድምፅ ቤት ግን ባዶ ሆኗል። የሁላችንም ሽማግሌዎች ጠፍተዋል። ያላችሁን ይዛችሁ ኑ ነው ያልኩት።»

ሌይፓኮአ ማንም አይመጣም ብላ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሰልፉ ከደረጃው ወርዶ፣ የጨርቅ ሱቁን አልፎ፣ ገበያው አጥር ደርሷል። የተሰነጠቀ ስልክ የያዘ፣ ሚሞሪ ካርድ በመሐረብ የቋጠረ፣ ድምፅ ማጉያውን እንዳለ የተሸከመ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ «ሰርቄ አይደለም እኮ፣ በስጦታ ነው ያገኘሁት» እያለች ካርዷን ስታስረክብ ላብ አጥምቋት ነበር። ካሎሪብ አንገቱን ደፍቶ ሲገለብጥ ይውላል። ሌይፓኮአ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፋይል ቁጥር በቀር አላናገረችውም።

ኩዊንስላንድ ያሉት ፍሬ ለቃሚዎችም ሰሙ። ብሮንዊን ሜልቦርን ላይ ማስገቢያ በር ከፈተችላቸው፤ ካሎሪብ ደግሞ ላፕቶፕ ላለው አንድ ለቃሚ ትዕዛዟን በስልክ ፊደል በፊደል አስጻፈው። «ከየት» የቱ ጋ እንደሚጻፍ ሦስት ጊዜ ደገመለት፤ ሌይፓኮአ ወደ ስክሪኗ ዞራ ያልሰማች መሰለች። ሰውየው የጓደኞቹን ሁሉ ሰብስቦ ላከ። ካምፑ ውስጥ ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ተቋረጠ፣ አሥራ አንድ ጊዜም ከተቋረጠበት ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን መጨረሻው ሲደርስ ለቃሚው ደውሎ «ገባ?» አለ። «ገባ» አለው ካሎሪብ። ከለቃሚው በስተኋላ የሃያ ሰው ጩኸት ተሰማ።

በሁለት ወር ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ ተመለሰ። ሌይፓኮአ ትዕዛዟን አሁን በቀስት አትጠራትም፤ በየጠዋቱ በእጇ ትጽፋታለች፣ መጀመሪያም ምንም ሳትነካ ምን ልታደርግ እንደሆነ ብቻ እንድትናገር ታዝዛታለች። የጨመረቻትን ቃል አላወጣችም። ቤተሰብ አጥፉ ካለ አሁንም ይጠፋል፤ ብሮንዊን ግን የተሰረዘው ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት የአንድ ወር መቆያ እንዲኖረው አስፈቅዳለች።

ያልተመለሱትን ለመለየት አንድ ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየች። ዘፈን ሁሉ ተመልሷል። ተረትና ቀልድ ተመልሷል። ያልተመለሰው ሰው በስልኩ የማይጭነው ነበር፤ የትውልድ ቆጠራ፣ የያም አተካከል፣ የወሰን ክርክር። ጣቷ እየወረደ አንድ ስም ላይ ደረሰና ቆመ። የምንጣፍ ሥራ፣ ንጉና ደሴት፣ አራት ሰዓት። እናቷ።

ሁለት ወር ሙሉ ስለ ሌላው ሰው ሙታን ስትሮጥ የገዛ እናቷ አልታወሰቻትም ነበር። ለራሷ ቅጂ አልያዘችም፤ ደንቡን ያወጣችው እሷ፣ እንዴት ብላ ትይዛለች? ስለ ምንጣፍ አራት ሰዓት የሚያወራ ድምፅ ደግሞ ማን ገዝቶ ሚኒባስ ላይ ይከፍታል? ካሎሪብ ከወዲያ ጠረጴዛ አያት፤ ዝርዝሩን አየ፤ ገባው።

«እትዬ» አለ። «ይሄንንስ በሰረቅኩት ኖሮ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ካሎሪብ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ቆመ።

በሳምንቱ ጀልባ ተሳፍራ ንጉና ተሻገረች። የእናቷ ታላቅ እህት ሌይማታ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከቤታቸው ደጅ ምንጣፍ የሚሠራበትን የፓንዳን ቅጠል በማንኪያ ጀርባ እየዳመጡ አገኘቻቸው። ሌይፓኮአ አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም ተናገረች። ትዕዛዟ ምን እንደሆነች ለማስረዳት ብዙ ደከመች።

«እንግዲህ ባዶ ቅርጫት ልከሽ የሞላውን አስደፋሽ» አሉ አሮጊቷ።

«አዎ አክስቴ።»

«ጉድ ነው!» ማንኪያውን አስቀመጡ። «የእህቴስ ድምፅ?»

«ሄደ።»

ሌይማታ ወደ ባሕሩ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሌይፓኮአ ሊረግሙኝ ነው ብላ አንገቷን ደፋች።

«ስንት ሰዓት ነው ያወራችው?»

«አራት ሰዓት።»

«አራት ሰዓት!» አሮጊቷ በድንጋጤ ወደሷ ዞሩ። «ስለ ምንጣፍ? እናትሽ? ኧረ ስለ ጌታ ብለሽ! እሷ መቼ ሠርታ ታውቃለች? ምንጣፉን የምሠራው እኔ፣ ገበያ ወስዳ የምታወራው እሷ!» እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ከምን ላይ ጀመረች? ከጥለቱ አይደል?»

«ከጥለቱ።»

«አውቄዋለሁ። ከቅጠሉ ነው የሚጀመረው፤ ቅጠሉን ያላወቀ ጥለቱን ምን ያደርግለታል?» ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «መቅጃውን አመጣሽው?»

«አምጥቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ክፈቺው።»